ከቀለሙ ውስጥ ያለው ቅጠል

ዳኛው ከፍ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ያልተከፈተ ቡናማ ፖስታ አለ። በቀኛቸው ዐቃቤ ሕጉ፣ በግራቸው መንግሥት ለወንድሜ ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ናቸው፤ ጠበቃዋ ወጣት ሴት ናት፣ ጫማዋ ላይ የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም። መርማሪው ፖሊስ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር አፉ ታስሮ የታሸገ ከረጢት አለ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ሽማግሌው ከጎናቸው ሆነው አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈዋል። የወንድሜ ሚስት በመስኮቱ በኩል ናት፤ ወደ ማንም አታይም። ወንድሜ ከሁላችንም መካከል፣ በታላላቅ ሰዎች ፊት እንደሚቆም ሰው ነጠላውን አደግድጎ ቆሟል። እኔ ከኋላ ጥጉን ይዤ ነበር። ባዶ ወንበር ነበረ፤ አልተቀመጥሁም።

ፖስታው ከአዲስ አበባ የመጣ የምርመራ ውጤት ነው። ከከረጢቱ የተወሰደው ናሙና ሀሺሽ መሆን አለመሆኑ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ከእኛ መካከል ያነበበው የለም። ዐቃቤ ሕጉም ቢሆን ጠዋት እንደታሸገ ነው ያስረከበው። ይሁንና የዚያን ቀን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣኝ ፖስታው ብቻ አልነበረም። ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ዳኛው ወንድሜን አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ ምን ብሎ እንደሚመልስ አላውቅም ነበር።

ወንድሜ ታናሼ ነው። መሪጌታ ነው፤ ስማዳ ውስጥ በአንድ የገጠር ደብር ዜማ ያስተምራል፣ ከማስተማር በተረፈው ጊዜ ብራና ላይ ይጽፋል። ጥቁር ቀለሙን ሲሠራለት የኖረው አብሮት ጉባኤ ቤት ያደገ፣ እስቴ የሚኖር ጓደኛው ነበር። ቀለሙ የሚሠራው ከጥላሸት፣ ካረረ ገብስና ከቅጠል ነው። ወራት በገንቦ ተቀምጦ ይብላላል፣ ይታሻል፣ በመጨረሻም ተነጥፎ ይደርቃል። የደረቀው ሲቆረስ ጠጣር ነው፣ ድፍን ጥቁር ነው፣ ሽታውም አይጣል ነው። መጻፍ ሲፈለግ ቆረስ ተደርጎ በውኃ ይፈታል።

ጓደኛው ዓምና ሞተ። ሚስቱ “ከእንግዲህ ለማን ይሆናል” ብላ የተረፈውን ቀለም በሙሉ ለወንድሜ ሰጠችው። እሱም በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከረጢት ሞልቶ፣ ጋይንት የጀመረውን ዳዊት ሊጨርስ ከወገዳ ወደ ንፋስ መውጫ በሚመጣ መኪና ተሳፈረ። መንገድ ላይ ካለ ኬላ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ተፈተሸ። ከዚያ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው።

“አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለው ፈታሹ።

“ቀለም ነው።”

“ቀለም ፈሳሽ አይደለም እንዴ?”

“ሲፈታ ፈሳሽ ይሆናል።”

“ከምን ነው የሚሠራው?”

“ከጥላሸት፣ ከገብስ፣ ከቅጠል።”

“ከምን ቅጠል?”

“እሱን እንኳ አላውቅም።”

እውነቱን ነው። ቀለም የሚያዘጋጁ ሰዎች ቅጠሉን ለሰው አይነግሩም። ጓደኛ ቢሆን እንኳ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። እኛ በዚህ ስላደግን አይደንቀንም። ፈታሹ ግን ያየው በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቁር ነገር ከረጢት ሙሉ ተሸክሞ “ውስጡ ያለውን አላውቅም” የሚል ሰው ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር።

ጣቢያ ሲደርሱ ወንድሜ የባሰ አደረገው። መርማሪው ሲወጣ ሲገባ፣ ስልክ ሲደውል፣ ቁርሱን ሳይበላ ሲቀር አይቶ አዘነለት። እጅ ነሣና “ልጄ፣ አደከምሁህ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ” አለው። ወንድሜ ከልጅነቱ እንዲህ ነው። በር ላይ ከሰው ጋር ቢጋጭ፣ የተገጨው እሱ ራሱ ቢሆንም፣ “አጥፍቻለሁ” የሚለው እሱ ነው። ጉባኤ ቤት ያሳደገው ሰው ሌላ አያውቅም። መርማሪው ቃሉን እንደ ሰማው ጻፈው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እዚሁ ንፋስ መውጫ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ማንበብ አያቅተኝም። ክሱን ግን ደጋግሜ አንብቤው አልገባኝም። ስለዚህ ጠበቃዋን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠብቄ አስቆምኋት።

“እናቴ፣ ነገሩ ሦስት ነው” አለችኝ። “ዕቃው በእጁ ተገኝቷል ወይ? ምን እንደያዘ ያውቅ ነበር ወይ? ዕቃውስ በሕግ የተከለከለው ዕፅ ነው ወይ? የመጀመሪያውን እኛም አንክድም። የመጨረሻውን የሚመልሰው ላቦራቶሪ ነው። ፖሊስ አይቶና አሽትቶ ሀሺሽ ነው ማለቱ አይበቃም።”

“ብዛቱን የሚያነሡትስ ለምንድን ነው?”

“ይሄን ያህል ለራሱ ሊሆን አይችልም፣ ሊያዘዋውር ነው ብለው ነው የከሰሱት። ማዘዋወር ደግሞ ቅጣቱ ከባድ ነው።”

“ከባድ ስትይ?”

“ዓመታት ነው፣ እናቴ።”

ወንድሜ ሽበቱ ከእኔ ይበልጣል። ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

“አንድ ነገር አደራ። ጣቢያ የሰጠውን ቃል አይቼዋለሁ። ዳኛው ‘ጥፋተኛ ነህ ወይ?’ ሲሉት ‘አጥፍቻለሁ’ እንዳይል። በችሎት ከደገመው ሦስቱንም አመነ ማለት ነው። የላቦራቶሪው ውጤት ቢዘገይ እንኳ ባመነው ሊፈረድበት ይችላል።”

ይህን ይዤ ቤት ስገባ የነፍስ አባታችንና ጎረቤቴ ከወንድሜ ሚስት ጋር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። የነፍስ አባታችን ክፉ ሰው አይደሉም። በዚህ አገር ደም የተቃቡ ሰዎችን አስታርቀዋል። በእሳቸው ዘንድ የዕርቅ መንገድ አንድ ነው፤ የተከሰሰ ሰው መጀመሪያ ወድቆ “በድያለሁ” ይላል፣ ነገሩ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚወድቀው ያልበደለው ነው። እንደ ውርደት አይታይበትም፤ ይከበርበታል።

“ቀድሞ የወደቀን ማን ይመታዋል?” አሉ። “‘አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ’ ይበል። ዳኛውም የክርስቲያን ልጅ ነው፤ ሽበቱን አይቶ ይለቀዋል። ዛሬ ጠዋት ጣቢያ ሄጄ ነግሬዋለሁ።”

“ጠበቃዋ እንዲያ እንዳይል ብላለች፣ አባ።”

“ጠበቃ ነገር ካላስረዘመ ምን ይበላል?” አሉ ጎረቤቴ።

“የመንግሥት ናት። ከእኛ የምትበላው የለም።”

“እንግዲያው የእኔን ስሙኝ። ዳኛም ጠበቃም አያስፈልግም። አንድ ጣሳ ውኃ ያምጡና ይበጥብጡት፣ መርማሪው ይቅመሰው። ከዘፈነ ሀሺሽ ነው፣ ምላሱ ከጠቆረ ቀለም ነው!”

የወንድሜ ሚስት ሳቀች። ባሏ ከታሰረ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የጎረቤቴ ቀልድ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነትም በዳኛው ፊት በውኃ ቢፈታና ወንድሜ አንድ መስመር ቢጽፍበት ነገሩ አያበቃም ወይ? በማግስቱ ለጠበቃዋ ነገርኋት። አልሳቀችም።

“ኤግዚቢቱን ማንም አይነካም። ከረጢቱ ታሽጓል፤ ናሙናውም ለብቻው ታሽጎ ሄዷል። ማኅተሙን ሰው ከነካው፣ ነፃ የሚያወጣው ውጤት ቢመጣ እንኳ ‘ዕቃው ተቀይሯል’ ይባላል። ደግሞም፣ እናቴ፣ መጻፉ ምንም አያስረዳም። የሚጽፍ ቀለም ሆኖ ዕፅ ሊኖርበት ይችላል። ቅጠሉን አላውቀውም ብሏል እኮ።”

ይህን ከዚያ በፊት አላሰብሁትም ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቀለም መሆኑን ስለማውቅ፣ ውጤቱ ይዘገያል እንጂ ሌላ ይሆናል ብዬ አልፈራሁም። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ግን ቅጠሉ ያዘኝ። በየአጥሩ የማየው ቅጠል ሁሉ ጥያቄ ሆነብኝ። ጓደኛው የት ሄዶ ምን እንደለቀመ፣ ለሽታው ብሎ ይሁን ለጥቁረቱ ምን እንደጨመረበት ማን ያውቃል? የሞተ ሰው አይጠየቅም።

የሟቹን ሚስት ልጠይቅ ተነሣሁ። መንገዱ ተከፍቷል በተባለ ቀን በደብረ ታቦር ዞሬ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ደረስሁ። ሴትዮዋ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። የመጣሁበትን ስነግራት ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው።

“ቅጠሉን ከየት ነበር የሚያመጣው?” አልኋት።

“እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ። ሊለቅም ሲወጣ ወዴት ነህ ብዬው አላውቅም። ሲከትፍም ጀርባዬን አዞርለት ነበር።”

“አንድ ቀን እንኳ ዘወር ብለሽ አላየሽም?”

“ለምን ብዬ? ቀለሙ ይበላሽበት ብዬ?”

“ሽታውስ ምን ምን ይል ነበር?”

ረጅም አሰበች። “ሲኦል ሲኦል” አለች።

ሁለታችንም ሳናስበው ሳቅን። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ “በእኔ ሰበብ ነው የታሰረው፣ አይደል?” አለች። አይደለም አልኋት። ተነሥታ ጓሮዋን አሳየችኝ፤ ከዚህ ይሁን ከወንዝ ማዶ ግን እንጃ አለች። ብዙ ዓይነት ቅጠል ነበር። ከአጥሩ ጥግ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ ተክል አየሁ። ጠበቃዋ የተከለከለው ቅጠል ጣት ጣት አለው ብላኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ጉሎ ነው። በልጅነቴ ፍሬውን ለቅሜ ያደግሁበትን ጉሎ ማወቅ ተስኖኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዱንም ቅጠል ማመን አልቻልሁም። ምንም ሳልይዝ ተመለስሁ።

ከችሎቱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ምግብ ይዤ ጣቢያ ሄድሁ። ወንድሜ ከብረቱ ወዲያ ሆኖ እንጀራውን ባርኮ ከጎኑ ላለው እስረኛ ቆርሶ ሰጠ። እሱ አልበላም።

“እታለም፣ አባ እንዲህ በል ብለውኛል” አለኝ።

“ሰምቻለሁ።”

“እሳቸውን አልፌ ምን እላለሁ?”

“ሀሺሽ ይዘህ ነበር?”

“ኧረ በስመ አብ! ቀለም ነው የያዝሁት።”

“እንግዲያው እሱን በል።”

“ቅጠሉን አላውቀውም እኮ።”

“እሱንም በል። የምታውቀውን አውቃለሁ፣ የማታውቀውን አላውቅም በል።”

ነጠላውን አስተካከለ። “‘አጥፍቻለሁ’ ቢሉ ምን ይጎዳል? ቃል ናት። ማናችን ነን ያልበደልን?”

“እዚያ ቤት ‘ቃል ናት’ ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም” አልሁት።

ጠባቂው ሰዓት ሞላ አለ። ወንድሜ እሺም አላለኝ፣ እምቢም አላለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊሶቹ ሲያመጡት ሁላችንም ከፍርድ ቤቱ በር ቆመን ነበር። ለሌላ ጉዳይ የመጣ ሰውም ብዙ ነው። የነፍስ አባታችን ወደ ፊት ወጥተው መስቀሉን አሳለሙትና “እንደነገርሁህ ነው” አሉት። ወንድሜ ራሱን ዝቅ አደረገ።

በሕይወቴ ለእሳቸው መልሼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን አፌ ቀደመኝ።

“አባ፣ ያላደረገውን አድርጌያለሁ ካለ ውሸት ነው። ውሸት ኃጢአት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።”

የነፍስ አባታችን መስቀሉን ለእኔ ሳይዘረጉት ወደ ካባቸው ውስጥ መለሱት። የችሎቱ አስከባሪ የወንድሜን ጉዳይ ጠራ፤ ገባን፣ መጀመሪያ እንደጻፍሁት ቦታ ቦታችንን ያዝን።

ጠበቃዋ ተነሥታ ውጤቱ ስለመጣ ፖስታው ቀድሞ ይከፈት ብላ ጠየቀች።

“ቅደም ተከተል አለው” አሉ ዳኛው። “መጀመሪያ የተከሳሹ ቃል፣ ከዚያ ማስረጃው።”

ክሱ ተነበበ። በሰው ፊት ሲነበብ ከወረቀቱ የከፋ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው የሚነበብ ይመስላል።

“መሪጌታ፣ ክሱ ገብቶዎታል?”

“ገብቶኛል።”

“ድርጊቱን ፈጽመዋል? ጥፋተኛ ነዎት?”

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። “ጌታዬ፣ ሰው ሆኖ የማይበድል የለም…”

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዐቃቤ ሕጉ የራሱን አነሣ።

“እሱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ” አሉ ዳኛው፣ ሳይቆጡ። “እኔ የምጠይቅዎት ክሱ ላይ የተጻፈውን ነው። ጥፋተኛ ነዎት ወይስ አይደሉም?”

ወንድሜ ወደ ኋላው ዞረ። የነፍስ አባታችንን አየ፤ እሳቸው በአገጫቸው “በል” አሉት። ከዚያ እኔን አየ። ‘እንዳትል’ ብዬ ራሴን ልነቀንቅለት ፈለግሁ፤ አንገቴ እሺ አላለኝም። ወደ ዳኛው ተመለሰ።

“የያዝሁት ቀለም ነው” አለ። “ቀለም መሆኑን አውቃለሁ፣ ጽፌበታለሁ። ውስጡ ያለውን ቅጠል አላውቀውም። ሀሺሽ አልያዝሁም። አላጠፋሁም።”

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ሰው የሰደበ ያህል ድምፁ ወረደ። ያቺን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የነፍስ አባታችን ዓይናቸውን ወደ መስቀላቸው መለሱ።

ዳኛው ተከሳሹ ክዶ መከራከሩን አስመዘገቡ። ከዚያ ፖስታውን አነሡ። ማኅተሙን ለዐቃቤ ሕጉም ለጠበቃዋም አሳዩ፤ በላዩ ያለውን ቁጥር መርማሪው ከከረጢቱ ቁጥር ጋር አመሳከረ። ከፈቱት። መጀመሪያ ለራሳቸው ነው ያነበቡት። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ገጹን ገለጡ፣ ደግሞ ወደ ፊተኛው ተመለሱ። ከጓሮው ጉሎ ሌላ በሐሳቤ የመጣ አልነበረም።

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ናሙናው ጥላሸትና የተቃጠለ እህል ይዟል። ቅጠልም አለበት፤ የቅጠሉ ዓይነት ሊለይ አልቻለም። ከተከለከሉት ዕፆች የአንዱም ምልክት አልተገኘበትም።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ ክሱን እንደማይቀጥል ተናገረ። ዳኛው ወንድሜን በነፃ አሰናበቱት፣ ዕቃውም ይመለስለት አሉ። የወንድሜ ሚስት ባለችበት ቁጭ እንዳለች እልል ልትል ስትል አስከባሪው በእጁ ከለከላት።

ግቢው ውስጥ መርማሪው ከረጢቱን አምጥቶ ለወንድሜ አስረከበው። ወንድሜ ተቀብሎ ጎንበስ አለ።

“ልጄ፣ አደከምሁህ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።”

“ኧረ አባቴ ተዉ፣ ይሄንንም ልጽፈው ነው!” አለ መርማሪው። ሰው ሳቀ።

ከዚያ ወንድሜ ከነፍስ አባታችን እግር ወደቀ። “ቃልዎን ጣስሁ፣ በድያለሁ” አላቸው። “እግዚአብሔር ይፍታህ” ብለው አነሡት፣ ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺም በይ እንጂ” አሉ ጎረቤቴ። “አባን በሰው ፊት መልሰሽባቸዋል። ‘በድያለሁ’ በይና ይፍቱሽ፤ አብረን ወደ ቤት እንሂድ።”

የወንድሜ ሚስት በክርኗ ነካ አደረገችኝ። የነፍስ አባታችን መስቀሉን አውጥተው በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ አልዘረጉትም፣ አልመለሱትምም።

“እታለም” አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ “ቃል ናት።”

ዣንጥላዬን ከግንቡ ላይ አነሣሁ። በአጥሩ በር ወጥቼ፣ ቁልቁል ባጃጅ ወደሚቆምበት ሄድሁ።